ያላመነው ሰው ጸሎት

አንድ ሰው የማያምንበትን ጸሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጸልይ ምን አደረገ ይባላል? ዋሸ? ተሳለቀ? ወይስ ራሱ ያላገኘውን ነገር ለሌላ ሰው አደረሰ? ጥያቄው በመጻሕፍት ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ1973 ለእይታ የበቃው «ዘ ኤግዞርሲስት» ሲቀረጽ በሥራ መሐል ተነሥቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የፊልሙ አዘጋጅ ዊልያም ፍሪድኪን በኋላ እንደተረከው፣ በአንዲት ልጅ ላይ ያደረውን ርኩስ መንፈስ ሊያስወጡ የሚመጡትን አረጋዊ ካህን፣ አባ ሜሪንን፣ የሚጫወተው ማክስ ፎን ሲዶው ዋናው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ቃሉ አልወጣ አለው። ሃያ ዓመት ያህል መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ጽሑፉንም አሳምሮ አጥንቶታል፤ ግን መንፈሱን «ውጣ» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙ ጉልበት አልነበረውም። ምን ሆነህ ነው ሲባል በእግዚአብሔር እንደማያምን ተናገረ። ፍሪድኪን ተገርሞ፣ አንተ እኮ ኢየሱስን የተጫወትክ ሰው ነህ አለው። እሱም ኢየሱስን የተጫወተው እንደ ሰው መሆኑን መለሰ። እንግዲያው ሜሪንንም እንደ ሰው ተጫወታቸው ተባለ፤ ቀረጻውም ቀጠለ።

ሲዶው በ1929 በደቡብ ስዊድን፣ ሉንድ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተወልዶ በ2020 ፈረንሳይ ውስጥ ያረፈ ተዋናይ ነው። ያደገው በሉተራን ሥርዓት ነው። በስቶክሆልም የንጉሣዊው ድራማ ቴአትር ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1955 ወደ ማልሞ ከተማ ቴአትር ሲዛወር ከኢንግማር በርግማን ጋር ተገናኘ። በርግማን የሉተራን ቄስ ልጅ ነው፤ ከአባቱ አምላክ ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው። ሁለቱ በብርዱ ወራት ቴአትር፣ በሙቀቱ ወራት ፊልም እየሠሩ 11 ፊልሞችን አብረው አወጡ። የመጀመሪያው፣ የ1957ቱ «ሰባተኛው ማኅተም»፣ ሲዶውን ከመስቀል ጦርነት ተመልሶ ከሞት ጋር ቼዝ የሚጫወት ፈረሰኛ አድርጎ ለዓለም አስተዋወቀው። ያ ፈረሰኛ ለኑዛዜ ቀርቦ የሚለምነው ማመንን ሳይሆን ማወቅን ነው፤ እግዚአብሔር እጁን እንዲዘረጋለት፣ ፊቱን እንዲገልጥለት፣ እንዲያነጋግረው ይሻል፤ ከፍርግርጉ ወዲያ ሆኖ የሚያደምጠው ግን ካህን ሳይሆን ራሱ ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ሲዶው ልጁ የተገደለችበት አባት፣ ተስፋ የቆረጠ ዓሣ አጥማጅ፣ ክርስቶስ፣ በ1966ቱ «ሃዋይ» ልበ ደረቅ ሚሲዮናዊ፣ መንፈስ አስወጪ ካህን፣ በ1993ቱ «ኒድፉል ቲንግስ» ደግሞ ሱቅ ከፍቶ የሰው ነፍስ የሚገበያይ ሰይጣን ሆኗል። በእምነት ጥያቄ ዙሪያ የዚህን ያህል የተመላለሰ ተዋናይ ጥቂት ነው፤ እሱ ግን በእነዚያ ዓመታት ተጠራጣሪ ነበር። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ተዋናይ የጸሎትን እውነት ማድረስ የሚችለው ስላመነ ሳይሆን የሚጸልየውን ሰው ከራሱ አስበልጦ ስለታዘዘው ነው። ይህ ልክ ከሆነ ስለ ትወና ብቻ ሳይሆን ስለ እምነትም የሚነግረን አለ፤ እምነትን ከውስጥ ስሜት ጋር አንድ አድርጎ የሚያየው የዘመናችን ግምት አይጸናም ማለት ነው።

ከዚህ አቋም ፊት የቆመው ተቃውሞ ረጅም ዕድሜ ያለውና የተከበረ ነው። ጠርጡሊያኖስ በ200 ዓ.ም. ገደማ በካርቴጅ ሆኖ ስለ ትርኢቶች ሲጽፍ፣ የእውነት ፈጣሪ ሐሰተኛውን ሁሉ እንደሚጠላ፣ የተለወጠ ድምፅን፣ የተዋሱትን ዕድሜና ጾታ፣ የማስመሰያ ፍቅርን፣ ቁጣንና እንባን ፈጽሞ እንደማይቀበል አስተምሯል። «የሐዋርያት ትውፊት» ተብሎ የሚታወቀው ጥንታዊ ሥርዓትም ለጥምቀት የሚቀርቡትን ሰዎች ሥራ አንድ በአንድ ሲመረምር፣ በቴአትር የሚጫወት ቢኖር ሥራውን ይተው፣ አለዚያ ይመለስ ይላል፤ ይኸው ሥርዓት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በእኛም መጽሐፈ ሲኖዶስ ውስጥ ገብቷል። ይህን የጨለምተኞች ፍርሃት አድርጎ መናቅ ቀላል ነው፣ ግን ፍትሕ አይሆንም። የዚያ ዘመን ቴአትር ለጣዖታት ክብር የሚደረግ፣ ሰው የሚዋረድበት ቦታ ነበር። ከዚያም በላይ አባቶች አንድ እውነተኛ ነገር አይተዋል፤ ቃል የተቀደሰ ከሆነ ማንም እንደ ልብስ የሚያጠልቀውና የሚያወልቀው ሊሆን አይገባም። ለዚህ መልስ የጀመረው ራሱ አውግስጢኖስ ነው። ከራሱ ጋር ባደረገው የጽሑፍ ውይይት ሮስኪዩስ የተባለውን ሮማዊ ተዋናይ አንሥቶ፣ ይህ ሰው በመድረክ ላይ ሐሰተኛ ሄኩባ ካልሆነ እውነተኛ ተዋናይ ሊሆን አይችልም ይላል። ውሸት ሌላውን ማሳሳትን ይፈልጋል፤ ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው ግን አልተሳሳተም። ሆኖም ይህ መልስ ሩቅ አያደርስም። ሄኩባ የተረት ንግሥት ናት፤ እግዚአብሔር ግን ለሚያምን ሰው እዚያው አለ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ይሰማል። በስሙ የሚደረግ ማስመሰል ተመልካቹን ባያታልል እንኳ ጸሎቱን ያረክሳል የሚለው ክስ ገና አልተመለሰም።

ክሱን በአንድ ትዕይንት ላይ እንፈትነው። በ1960 የወጣው የበርግማን «የድንግሊቱ ምንጭ» ከ13ኛው መቶ ዘመን የስዊድን ባላድ የተወሰደ ታሪክ ነው። ቶሬ የተባለው ባለጸጋ ገበሬ አንዲት ልጁን ካሪንን ጧፍ አስይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይልካታል፤ በጫካው መንገድ ፍየል ጠባቂዎች ደፍረው ይገድሏታል። ገዳዮቹ ማንነቷን ሳያውቁ በዚያው ምሽት ከአባቷ ቤት ያድራሉ፤ ቀሚሷንም ለእናቷ ሊሸጡ ያቀርባሉ። ቶሬ በንጋት ወደ ኮረብታው ወጥቶ ብቻዋን የቆመችውን ለጋ የበርች ዛፍ ከነሥሯ እስክትጋደም ድረስ ይታገላታል፤ በቅርንጫፎቿ ገላውን እየገረፈ ይታጠባል፤ ከዚያ ሦስቱንም ይገድላል፤ አንደኛው በድርጊቱ እጁ የሌለበት ትንሽ ልጅ ነው። ጸሎቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የካሪን ሬሳ ከወደቀበት ስፍራ ነው። ቶሬ ከሰዎቹ ተለይቶ ጥቂት ይራመድና በጉልበቱ ይወድቃል። ካሜራው ከኋላው ነው፤ ፊቱን አያሳየንም። የምናየው ሰፊ ጀርባውንና ደም የነካቸውን እጆቹን ብቻ ነው። እግዚአብሔርን አይተሃል፣ ፈቅደሃል ይለዋል፤ አልገባኝም ይለዋል፤ ያም ሆኖ ይቅርታ ይለምነዋል፤ በእነዚሁ እጆች በዚህ ቦታ ላይ ከድንጋይና ከኖራ ቤተ ክርስቲያን እሠራልሃለሁ ብሎ ይሳላል። በዚህ ጊዜ ሲዶው ዕድሜው 30 ነው። ተዋናይ ስሜቱን የሚያሳይበት ዋና መሣሪያ፣ ፊቱ፣ ተወስዶበታል። የቀረው ሰውነቱ እንዴት እንደሚወድቅና እጆቹን እንዴት እንደሚይዝ ነው። እነዚያ እጆች ደግሞ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲገድሉ አይተናቸዋል፤ አሁን ለስእለት ሲዘረጉ ክብደታቸው አለቀቃቸውም። እዚህ ላይ «ተዋናዩ በውስጡ ምን ተሰማው?» ብሎ መጠየቅ ከጉዳዩ መውጣት ነው። የቶሬ ጸሎት እውነት የሆነው ሰውየው የሚለውን ስላደረገው ነው፤ ያልገባው አባት እንዴት እንደሚንበረከክ ሲዶው አጥንቶ፣ ከራሱ ሳይጨምርበት፣ አድርጎታል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን የመሰለ ጥያቄ ከፊልም ዘመን አስቀድማ፣ በጣም በከበደ ጉዳይ ላይ፣ መልሳለች። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ በሰሜን አፍሪካ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች ያስረከቡ ካህናት ነበሩ። ስደቱ ሲያበቃ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች፣ እንዲህ ባለ ሰው እጅ የተፈጸመ ምሥጢር ምሥጢር አይደለም አሉ። አውግስጢኖስ የሰጠው መልስ ምሥጢሩ የክርስቶስ እንጂ የአገልጋዩ አይደለም የሚል ነው፤ ጴጥሮስ ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው እሱ ነው፣ ይሁዳም ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው እሱ ነው። ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 በሙሴ ወንበር ስለተቀመጡት ሲናገር ትምህርታቸውን ከሥራቸው ለይቷል። አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል፤ ካህን የተሾመ ነው፣ ክህነት አለው፤ ተዋናይ ማን ሾመው? ተቃውሞው ትክክል ነው። የትወና ጸሎት ምሥጢር አይደለም፣ ጸጋም አያወርድም። ከዶናቲስቶች ክርክር የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቃሉን እውነት በተናጋሪው የልብ ሙቀት መለካት ስሕተት መሆኑን። በተረፈ ተዋናዩ ክህነት የለውምና በክህነት ፋንታ ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ የሚያሳየው፣ ሲዶው ጥቂት ብቻ የሚናገርበት የ1963ቱ «ቆራቢዎቹ» ነው። ቄስ ቶማስ በአንዲት የገጠር አጥቢያ ያገለግላሉ፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ እምነታቸውም አብሮ ደርቋል፣ በዚያ ላይ ጉንፋን ይዟቸዋል። ዮናስ የተባለው ዓሣ አጥማጅ፣ ማለትም ሲዶው፣ ቻይና አቶሚክ ቦምብ ልትሠራ ነው የሚለውን ካነበበ ወዲህ መኖር አቅቶታል። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናት ወደ ቄሱ የምታመጣው። ብቻቸውን ሲቀሩ ቄሱ ሊያጽናኑት ይጀምሩና የራሳቸውን ጥርጣሬ ይዘረግፉበታል፤ እግዚአብሔር ከሌለ ሁሉም ነገር ይቀልላል እስከማለት ይደርሳሉ። ሲዶው በዚህ ሁሉ ጊዜ አይቶ እንዳላየ አንገቱን ሰብሮ ያደምጣል። ለመልስ አይቸኩልም፤ ዓይኑ ከቄሱ ፊት ይሸሻል፤ ሊሄድ ይነሣል፤ ይሄዳልም። ብዙም ሳይቆይ ወንዝ ዳር ራሱን በጥይት እንደገደለ ይሰማል። ይህን ትዕይንት ስለ እግዚአብሔር ዝምታ የሚናገር አድርገው የሚተነትኑት ብዙ ናቸው። እኔ የማየው ስለ ቅንነት የተሰጠ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ቄስ ቶማስ አልዋሹም፤ በሕይወታቸው እንደዚያች ሰዓት እውነተኛ የሆኑበት ጊዜ የለም። የጎደላቸው ነገር ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ማየት ነው። ዮናስ የመጣው የቄሱን ልብ ሊመረምር አልነበረም፤ ቄሱ የተሸከሙትን፣ ከቄሱ የሚበልጠውን ቃል ሊሰማ ነው። እሳቸው ግን የራሳቸውን የውስጥ ሁኔታ የነገር ሁሉ ልክ አደረጉት። ታዲያ ካህናት ያስመስሉ እያልክ ነው? አይደለም። የሚጠራጠር ካህን ጥርጣሬውን የሚናዘዝበት አባት አለው፣ ጳጳስም አለው፤ የሚያጽናናውን ሰው ግን የጥርጣሬው ማራገፊያ ሊያደርገው አይችልም። በፊልሙ መጨረሻ እኒሁ ቄስ ሰው በሌለበት በሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ የማታምን አንዲት መምህርት፣ ደወል ደዋዩና ኦርጋን መቺው ብቻ ባሉበት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ምድር ሁሉ በክብሩ ስለተሞላችው ቅዱስ አምላክ የሚናገረውን የአምልኮ መክፈቻ ይጀምራሉ። ፊልሙ ይህ ውድቀት ይሁን ትንሣኤ አይነግረንም። እኔ ግን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ትተው ታዘዙ ብዬ አምናለሁ።

በተዋናዩ ዘንድ የክህነትን ቦታ የሚይዘው ይኸው ነው፤ ከራስ ይልቅ ለሌላው ሰው ትኩረት መስጠት። ይህን ይዘን ወደ አባ ሜሪን ብንሄድ፣ ትልቁ ተቃውሞ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ይመጣል። የአስቄዋ ልጆች የማያውቁትን የኢየሱስን ስም ጠርተው መናፍስትን ሊያወጡ ሲሞክሩ፣ መንፈሱ ያደረበት ሰው አቁስሎ ዕራቁታቸውን አባረራቸው። ጸበል ቦታ ሄዶ ርኩስ መንፈስ ሲጮኽና ሲለፈልፍ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ እንደ ተረት አያየውም፤ «ዘ ኤግዞርሲስት»ንም ሲያይ ያላመነ ሰው ያን ቃል መናገሩ ሊያስፈራው ይችላል። ነገር ግን የአስቄዋ ልጆች ኃጢአት ያልተሰጣቸውን ሥልጣን በእውነተኛ በሽተኛ ላይ መሞከራቸው ነው። በቀረጻው ክፍል ውስጥ የነበረው ሕፃን ተዋናይት፣ የሚንቀጠቀጥ አልጋና ትንፋሽ በአየር ላይ እስኪታይ ድረስ በማሽን የቀዘቀዘ አየር ነው። ሲዶውም ቃሉ አልወጣ ያለው ሥልጣኑ የእሱ አለመሆኑን ስለተሰማው ይመስለኛል፤ ያ ዝምታ ለቃሉ የተሰጠ ክብር ነበር። «እንደ ሰው» የሚለው ምክር ደግሞ፣ ፍሪድኪን አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋር ይስማማል። መንፈስ የሚያስወጣ ካህን የራሱ ኃይል የለውም፤ የሚያዝዘው በሌላ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ የነበረው ሲዶው በዲክ ስሚዝ ሜካፕ ከዕድሜው በብዙ የሚበልጥ ሽማግሌ ሆኖ የሠራው ይህንኑ ነው፤ ልቡ የታመመ፣ ኪኒኑን ሲያወጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እንደሚሞት እያወቀ ደረጃውን የሚወጣ ታዛዥ ሰው። ጀግና አላደረጋቸውም፤ አባ ሜሪን ሥራቸውን ሳይጨርሱ በዚያው ክፍል ውስጥ ይሞታሉ።

በዚህ መንገድ ሁሉም ነገር ይቻላል ግን አልልም። ወሰኑን ያሳየው በ1965 የጆርጅ ስቲቨንስ «ዘ ግሬተስት ስቶሪ ኤቨር ቶልድ» ላይ ክርስቶስን መጫወቱ ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በዩታና በአሪዞና ገደላ ገደሎች ተቀረጸ፤ መጀመሪያ ሲወጣ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ቻርልተን ሄስተን መጥምቁ ዮሐንስን፣ ሲድኒ ፖይቲየር የቀሬናውን ስምዖን፣ ጆን ዌይን የመቶ አለቃውን ሆነው ገብተዋል። አልዓዛር ሲነሣ የሃንደል «ሃሌ ሉያ» ይስተጋባል። ሲዶው የሚያስነቅፍ ነገር አላደረገም፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ቆፍጣና ነው። ልብን የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ እምነት ማጣቱ ቢሆን ኖሮ ቶሬም ባልሠመረለት ነበር። እውነተኛው ምክንያት በዚያ ፊልም ውስጥ የሚታዘዘው ሰው አለማግኘቱ ነው። «እንደ ሰው ተጫወትኩት» ያለውም አንድ ተዋሕዶን የሚያምን ክርስቲያን የማይቀበለው ቃል ነው፤ መለኮትና ትስብእት ያለመለያየት አንድ ከሆኑ ሰውነቱን ብቻ ነጥሎ መጫወት አይቻልም፤ መለኮትን መጫወት ደግሞ ከማንም ሰው አቅም በላይ ነው። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ትወና የሚጸልየውን ሰው ሊሆን ይችላል፣ ጸሎቱ የሚቀርብለትን ግን ሊሆን አይችልም። በ1979 የወጣውና በአማርኛም ድምፅ የተቀዳለት «ኢየሱስ» ፊልም ለብዙዎች ወንጌልን እንዳሰማ አውቃለሁ፤ ዋጋውንም አላሳንስም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ሠዓሊ ቅዱስ ሥዕል ሲሥል በትውፊት የተሰጠውን መልክ እየተከተለ ነው፤ ሥዕሉ የሚከበረውም ለዚህ ነው። የተዋናይ ፊት ያን ቦታ ሊይዝ አይገባውም፤ ተዋናዩ ምንም ያህል ጻድቅ ቢሆን።

ሌላው ተቃውሞ ከፍልስፍና በኩል ይመጣል። ፈረንሳዊው ዲድሮ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ ተዋናይ ሲጽፍ፣ ታላቁ ተዋናይ ምንም አይሰማውም፣ በቀዝቃዛ ጭንቅላት የሌላውን ስሜት ይቀዳል ብሎ ነበር። እንዲህ ከሆነ የቶሬ ጸሎት የረቀቀ ዘዴ ነው፤ ያለቀስነውም በዘዴ ተቀስቅሰን ነው። አውግስጢኖስም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ወጣት ሳለ በቴአትር ያፈሰሰውን እንባ ይጸጸትበታል፤ መከራውን አይቶ ያለቅሳል እንጂ ማንንም እንዲረዳ አልተጠራም። ስለ ተመልካቹ የተባለው እውነት ነው፤ ሲኒማ ቤት ገብቶ በቶሬ ጸሎት ያለቀሰ ሰው ጸለየ ማለት አይደለም። ስለ ተዋናዩ የተባለው ግን ግማሽ ነው። ዲድሮ ስሜትና ዘዴ ብቻ ነው የታየው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መታዘዝ አላየውም። ማስረጃው ከሃይማኖት ውጭ ያሉት የሲዶው ሥራዎች ናቸው። በ1987ቱ «ፔሌ ድል አድራጊው» ላሴ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ስዊድናዊ ሽማግሌ ልጁን ይዞ ለጉልበት ሥራ ወደ ዴንማርክ ደሴት ይሻገራል። ላሴ ጉራ ይነዛል፣ ይጠጣል፣ ልጁ ሲዋረድ ደም እመልሳለሁ ብሎ ይፎክርና ከአለቃው ፊት ሲደርስ ይሽቆጠቆጣል። ሲዶው ለዚህ ፈሪ አባት የሰጠው አክብሮት ለፈረሰኛውና ለቶሬ ከሰጠው አያንስም፤ አይሥቅበትም፣ ከላዩ ሆኖም አያዝንለትም። ለኦስካር የታጨውም በዚህ ነው። ሁለተኛው እጩነት በ2011ዱ ፊልም ድምፁን አጥቶ፣ መዳፎቹ ላይ «አዎ» እና «አይ» የሚሉትን ቃላት ይዞ በተጫወተው ዝምተኛ አዛውንት ነው። የሃይማኖት ሙቀት እነዚህን ሊያስገኝ አይችልም፤ ባዶ ዘዴም አያስገኛቸውም።

ፕላቶ «ፖሊቴያ» በተባለው ድርሳኑ ያነሣው ፍርሃት ደግሞ ወደ ተዋናዩ ነፍስ ይመለሳል፤ ሰው የሚመስለውን ይሆናል፣ ከልጅነት ጀምሮ የተለማመዱት መምሰል ጠባይ ሆኖ ይቀራል ይላል። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕማማት ተውኔት ሲዘጋጅ የይሁዳን ቦታ የሚወስድ የሚጠፋው በዚሁ ፍርሃት ነው። ልማድ ሰውን እንደሚሠራ አልክድም፤ ጾምና ስግደትም የቆሙት በዚህ እውነት ላይ ነው። ግን ሲዶው በሥራ ዘመኑ ክርስቶስንም ሰይጣንንም፣ በ1975 በገንዘብ የሚቀጠር ነፍሰ ገዳይን፣ በ1980 ፕላኔት የሚያጠፋ ንጉሥን ሆኗል። መምሰል በቀጥታ የሚያስተላልፍ ቢሆን እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ውስጥ ምን ይሆኑ ነበር? የተለማመደው ይሁዳነትን ወይም ክርስቶስነትን አልነበረም፤ ራስን ወደ ኋላ ማድረግን ነው። ይህ ልማድ ነፍስን ይጎዳል የሚል ካለ ማስረጃውን ማምጣት የእሱ ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ግን አምኖ የለም ወይ የሚል ይኖራል። በ2012 ሲዶው ለቻርሊ ሮዝ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በርግማን ከሞት በኋላ ሕይወት እንዳለ ከሞተ በኋላ ራሱ መልእክት ልኮ እንደሚያሳየው ነግሮት እንደነበር አወጋ። በርግማን የሞተው በ2007 ነው። መልእክቱ መጣ ወይ ሲባል፣ ሰምቻለሁ ብሎ ዝርዝሩን ለራሱ አስቀረ፤ የወጣትነት ጥርጣሬውም እንደለቀቀው ተናገረ። አንድ አማኝ ይህን ሰምቶ ደስ ቢለው አይፈረድበትም፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ለክርክራችን ማስረጃ ሊሆን የሚችለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ፈረሰኛው በ1957፣ ቶሬ በ1960፣ ዮናስ በ1963፣ ሜሪን በ1973 ናቸው፤ ሁሉም ጥርጣሬው ሳይለቀው የተሠሩ ናቸው። ኋላ ያገኘው እምነት ወደ ኋላ ተመልሶ እነዚያን ጸሎቶች እውነት ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ባያገኘውም ኖሮ ሐሰት አይሆኑም ነበር። ያኔም ቢሆን በካሜራው ፊት የነበረው የሲዶው እምነት ወይም ክሕደት ሳይሆን ልጁን አጥቶ በጉልበቱ የወደቀው ገበሬ ነው።